«ሰባተኛው ጥልቀት» የት ላይ አለቀ?

«በሩ ተከፈተ፤ ካፒቴኗም ወደ ኋላ ተንደረደረች።»

ሃያሲዋ ይህችን ዐረፍተ ነገር ያገኘቻት በእናቷ መጽሐፍ መጠረዣ ክፍል ውስጥ ተንበርክካ፣ ከመጫኛው ብረት ሥር የገባ መርፌ ስትፈልግ ነው። እጇ መርፌውን ትቶ አቧራ የጠገበ የወረቀት እጥፍ ይዞ ወጣ። ዐሥራ ስድስት ገጽ ነው። ከመጀመሪያው መስመር አላለፈችም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ካፒቴኗን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃታል። «ሰባተኛው ጥልቀት» አምስት ተመራማሪዎች በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ፀሐይ አይታው ወደማታውቀው የውቅያኖስ ወለል ሲወርዱ፣ ከውጭ በኩል አንድ ነገር በራቸውን ሲያንኳኳ የሚተርክ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ነው። ለቤተ መጻሕፍቱ በስጦታ የመጣው ቅጂ ተገነጣጥሎ ስለነበር መጀመሪያ እናቷ ዘንድ ተጠረዘ፤ ከዚያ በወረፋ ዐሥራ አንድ ሰው አነበበው። ዐሥራ አንዱም አስተያየታቸውን ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ቅጂው የሚያልቀው «ካፒቴኗ እጇን መዝጊያው ላይ አሳረፈች» በሚለው ላይ ነው።

አንዱ «መብራት ሳላጠፋ ነው የተኛሁት» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ «ጭራቁ አለመታየቱ ይበልጥ ያስፈራል» አለች። የስፖርት መምህሩ እንኳን ሳይቀሩ «አጨራረሱ ፍጹም ቅጣት ምት ከመመታቱ በፊት ያለውን ዝምታ ይመስላል» ብለዋል። ከሁሉም የተጨበጨበለት ግን የሃያሲዋ ነበር፦ «ደራሲው በሩን ዘግቶ ቁልፉን ለእኛ ሰጠን።» ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ እንዲነበብ የተመረጠውም ይኸው ነው። ሃያሲ የሚለውን ቅጽል ስም እንዲያው አላገኘችውም። አስተያየት የሌላት ነገር የለም፤ የምትናገረው ደረቷን ነፍታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ናት።

የተለየ ነገር የጻፈች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። «ለምን?» ማለት ስለምታበዛ ወይዘሪት ለምን የምትባለው የልብ ጓደኛዋ፣ «መጽሐፉ አላለቀም፤ የሆነ ነገር ጎድሎታል» ብላ ለጠፈች። ሃያሲዋ በንባብ ክበቡ ስብሰባ ላይ ብድግ አለችና፣ «አንዳንድ ጥራዝ ነጠቆች ሁሉን ነገር በማንኪያ ካላጎረሷቸው አይገባቸውም» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወይዘሪት ለምን ወረቀቷን ከግድግዳው ላይ ነቅላ ወጣች፤ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት፣ ክበቡም አልመጣችም፣ ሃያሲዋንም አታናግራትም።

«አገኘሽው?» አለች እናቷ ከመስፊያው ጠረጴዛ።

«እማ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

እናቷ ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው። «ወይ ጉድ። ያ የባሕሩ መጽሐፍ ነው እኮ። የመጨረሻውን እጥፍ ሳልሰፋ ሽፋኑን አልብሼዋለሁ።» ማስተባበል የሚባል ነገር አታውቅም። «ስንት ሰው አነበበው?»

«ዐሥራ አንድ።»

«ታዲያ አንድም ሰው ጎድሏል አላለም?»

«ያላዩት አገር አይናፍቅም፣ እማ» አለች ሃያሲዋ። ለመሳቅ ፈልጋ ነበር፤ ሳቁ እንቢ አላት። «አንዷ ብላ ነበር።»

«ጎበዝ ልጅ ናት። እናንተስ ምን አላችኋት?»

የሃያሲዋ ፊት ጋለ። አፍራ ነበር፤ ያውም ቀጥ ብላ መቀመጥ እስኪያቅታት።

«በይ ማክሰኞ መጽሐፉን አምጪልኝ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም» አለች እናቷ።

ማክሰኞ። እስከዚያ ሰኞ ያልፋል። አስተያየቷ ይነበባል፣ ይጨበጨብላታል፤ ከዚያ እጥፉ ጸጥ ብሎ ቦታው ይገባል። ከዐሥራ አንዱ ማን ተመልሶ ሊያነበው? ሐሳቡ ጣፋጭ ነበር። የነቀለችውን ወረቀት ደረቷ ላይ አጣብቃ የወጣችው ጓደኛዋ ባትታወሳት ኖሮ ትውጠው ነበር።

«እማ፣ ሰኞ በሰልፍ ላይ እኔ ብናገረውስ? የማን ጥረዛ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።»

እናቷ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «የኔን ስም ያቆመው የሃያ ዓመት ሥራ ነው፤ በአንድ እጥፍ አይፈርስም። ተናገሪ።»

ወይዘሪት ለምን ቅዳሜ ቅዳሜ በታላቅ እህቷ ፀጉር ቤት ፎጣ ታጥፋለች። ሃያሲዋ ስትገባ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ፎጣዋ ተመለሰች።

«ልክ ነበርሽ» አለች ሃያሲዋ፣ የማድረቂያው ጩኸት ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ዐሥራ ስድስት ገጽ ጎድሎታል። እማ ሳትሰፋው ቀርታ ነው። ጥራዝ ነጠቋስ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ወይዘሪት ለምን እጇን በሽርጧ ጠረገችና እጥፉን ተቀበለች። የገጽ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየች።

«አነበብሽው?»

«የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ።»

«ለምን?»

«መጨረሻውን የፈለግሽው አንቺ ብቻ ነበርሻ። እኛ እኮ ባለቀበት ነው ያጨበጨብነው።»

«ሰኞስ? ያንቺ አይደል የሚነበበው?»

«አላስነብብም። ማይኩን ይዤ የሆነውን እናገራለሁ፤ ያልኩሽንም ጭምር።»

«ሙድ ይይዙብሻል።»

«ይያዙብኝ። እኔም ባንቺ ይዤ የለ?»

ወይዘሪት ለምን ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን አጠፈች፣ ማንበብ ጀመረች።

«ፎጣ!» አለች እህትየው ከመታጠቢያው በኩል።

ሃያሲዋ ፎጣ አቀበለቻትና ከክምሩ አጠገብ ቆመች። ወይዘሪት ለምን ገጽ ገለጠች፤ ሁለተኛ ገለጠች። በሦስተኛው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ኧረ ባክሽ...» አለች ለራሷ።

ሃያሲዋ ምን እንዳየች ልትጠይቃት አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችውና አንድ ፎጣ አንስታ ማጠፍ ጀመረች።