ባዶው ፋይል

«ባዶ ነው!» አለች መቅዲ። ዓይኗን ማመን አቅቷት ፋይሉን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ከጓደኛዋ ከቢልቂስ ጋር ክረምቱን ሙሉ ሮብ ገበያ እየተመላለሱ ከገበሬው አፍ የለቀሙት የዕፅዋት ስም አንድም አልቀረም።

ትናንት መጨረሻ ላይ ከኮምፒዩተር ክፍሉ የወጣችው ቢልቂስ ናት። ዛሬ ጠዋት መቅዲ ሰላም ስትላትም ፊቷን አዙራለች።

የክፍል ጓደኛቸው ጌቾ ከኋላ ጠጋ አለ። «ትናንት ከእነ ይስማው ቡድን ጋር ስትንሾካሾክ አይቻታለሁ። ሸውዳሻለች ባክሽ!»

መቅዲ ደሟ ፈላ። እሷና ቢልቂስ ሥራውን በሚያቀርቡበት በባሕር ዳሩ የኮምፒዩተር ውድድር እነ ይስማው ተፎካካሪዎቻቸው ናቸው። ለካ ዛሬ ፊቷን ያዞረችው ለዚህ ኖሯል! ይህን እያሰበች ሳለ የኮምፒዩተር አስተማሪያቸው መምህር አንሙት ገቡ፤ ቢልቂስም ሳትጠየቅ ተነሳች።

«ቲቸር፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ፕሮግራማችንን አስነስቼ ምንም ሳልጽፍ ዘጋሁት፤ ከዚያ ፋይሉን ሳየው ባዶ ሆኗል። ምን እንደነካሁ አላውቅም። እነ ይስማውን መልሱልኝ ብላቸው እነሱም አልቻሉም።»

«እንዲህ ቸልተኛ ከሆንሽማ ባሕር ዳር አትሄጂም» አሉ መምህሩ ተቆጥተው። «በቦታሽ ሌላ ሰው ይገባል።»

መቅዲ እሰይ አለች በልቧ። ግን ምንም ሳይጻፍ እንዴት ይጠፋል? ነገሩ ስላላማራት የፕሮግራሙን ኮድ ከፈተችው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ መልሳ አነበበችው።

መስመሩ የራሷ ነው። መብራት በየሰዓቱ ስለሚጠፋ፣ የሚጻፈው ወዲያው እንዲቀመጥ ብላ ከትናንት ወዲያ ሳትሞክረው የጨመረችው ነው። ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ፋይሉን «w» በሚባለው የመጻፊያ ትእዛዝ ይከፍታል። አዲስ ፋይል ፈጥራ ሁለት ቃል ጻፈችበትና በዚያው መስመር ከፈተችው። ሁለቱም ቃላት ጠፉ። ለካ «w» የቆየውን ሰርዞ ከባዶ ነው የሚጀምረው! በ«a» ብትከፍተው ኖሮ የቆየውን ሳይነካ ከሥሩ ይቀጥል ነበር። ፕሮግራሙን ማንም ቢያስነሳው ፋይሉ መጥፋቱ አይቀርም ነበር።

«አለቀ እኮ፤ አመነች» አለ ጌቾ። «ዝጊውና እንውጣ።»

ኮዱን ከእሷ በቀር ያየው የለም። መስመሩን ብታጠፋው ማንም አያውቅም። ቢልቂስ ቦርሳዋን አንግታ ወደ በሩ እየሄደች ነው። መቅዲ አፈረች፤ ፈራችም።

«ቲቸር፣ አንዴ ይምጡ» አለች ስክሪኑን ወደ እሳቸው እያዞረች። «ቢልቂስ፣ አትሂጂ። አንቺም ነይ እይው።»