ሰባተኛዋ ፈራሚ

«ዴስኮቹ መጡ!»

ፋንታዬ በሩ ላይ ቆማ ይህን ስትል ስምንተኛ «ለ» ክፍል ባንዴ ባዶ ሆነ። ኡሙሰልማ ደብተሯን እንኳ ሳትሰበስብ ነው የወጣችው። ምን ታድርግ፣ ዓመቱን ሙሉ ከየቤታቸው ባመጡት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ላይ እየጻፉ ነው የተማሩት። ዴስኮቹ ደግሞ እንዲሁ አልተገኙም፤ ኅዳርን ሙሉ ጎብዬ ወርደው ማሽላ አጭደው ባገኙት ገንዘብ ነው። የሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ዴስኮቹን የጫነው ፊያት መኪና ግቢው መሀል ቆሟል። የዴስኮቹ ቀለም ገና ይሸታል። ኡሙሰልማ አንዱን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ወላሂ፣ ሕልም ነው የሚመስለኝ» አለች።

ሕልሙ ብዙ አልቆየም። የንብረት ክፍሉ አቶ ይርጋ ወረቀት ይዘው መጡና፣ «የሚራገፈው ቢሮ ነው» አሉ። ጉድ እኮ ነው። ጠመኔ መግዣ አጥቶ አንዱን ለሦስት የሚሰብር ትምህርት ቤት፣ በዚያ ዓመት ብቻ አራት ኮሚቴና ሦስት ምክትል ጨምሯል። ሁሉም መቀመጫ ይፈልጋል።

«ለኮሚቴዎቹ ጠረጴዛ እስኪመጣ ነው፤ ለጊዜው» አሉ ዳይሬክተሩ ጓድ ጌታሁን። ለጊዜው ተብሎ የተወሰደው የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

የመረከቢያው ወረቀት ሰባት ሰው ይፈርምበታል። ስድስቱ ፈርመዋል። ሰባተኛዋ የተማሪዎች ተወካይ ናት፤ ኡሙሰልማ ራሷ።

ሹፌሩ በድረዲን ሰዓቱን አየ። «ቶሎ በሉ እንጂ፤ ገና ዋጃ የማወርደው ጭነት አለኝ። አንድ ፊርማ ከጎደለ ወረቀቱን ደሴ አይቀበሉኝም።»

«ፈርሚ፣ የኔ ልጅ» አሉ ጓድ ጌታሁን እስክሪብቶ እያቀበሏት። «ከላይ ሰዎች ሊጎበኙን ይመጣሉ። ኮሚቴው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ቢያገኙት የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፤ «የፈተና ቅጽሽም ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ገና አልፈረምኩበትም።»

ፈራች፣ መፍራቷን ምን ይደብቀዋል። ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ‹ለመማሪያ ክፍል አገልግሎት ተረክበናል› ነው የሚለው።»

«ፎርሙ ነው እንደዚያ የሚለው።»

«እንግዲያው እኔም ክፍል ውስጥ ስረከብ እፈርማለሁ።»

አቶ ይርጋ፣ «ይቺ ልጅ ልታስጠይቀን ነው» ብለው አጉረመረሙ። ጓድ ጌታሁን ወረቀቱን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ስድስት ሰው የፈረመበትን ወረቀት መቅደድም አይቻል።

«የት ነው ክፍሉ?» አለ በድረዲን።

ኡሙሰልማ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመች። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ስምንተኛ «ለ» መራመድ ጀመረች። ፊያቱ ተነስቶ ቀስ እያለ ከኋላዋ ተከተላት።