መስመሩ ሲገናኝ የማይከፈተው መስኮት

ካርታ ሠሪው ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የተጋመሰ ሻይ፣ ስክሪኑ ላይ ደግሞ አጭር ደብዳቤ ነበር፦ «ሚስቴ ኑሮዬን አስጠልታኛለች። ልጄን እህቴ ታሳድግልኝ።»

ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌዋ» የሚሏት መርማሪ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ሐኪሙ ሻዩ መርዝ እንዳለበት፣ ሰውየውም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንደሞተ ነግሯታል። ሻዩን አፍልታ በፔርሙስ ያስቀመጠችው ሚስቱ ናት። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ግን ልጇን ይዛ ክሊኒክ ነበረች።

የሟች እህት የስድስት ዓመቷን ልጅ እጅ ጭምድድ አድርጋ ይዛለች። «ወንድሜ ቃሉን ጽፎ ትቷል፤ ልጅቷን ዛሬውኑ ነው የምወስዳት!»

«ኮምፒውተር ይሞክራሉ?» አለቻት መርማሪዋ።

«እኔ? ማብሪያውንም አላውቀው! ምሳ አብረን በላን፤ እሱ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሥራው ገባ፣ እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ከሸሪኩ በቀር ማንም አልመጣም።»

ሸሪኩ ከሟች ጋር ሃያ ዓመት ካርታ ሠርቷል። «ስምንት ተኩል ላይ ወረቀት ላደርስለት ገባሁ» አለ። «ካርታዎቹ በስልክ መስመሩ እየተላኩ ነበር። እዚሁ ዓይኔ እያየ ስክሪኑ ላይ አዲስ መስኮት ከፍቶ መጻፍ ጀመረ። የግል ነገር መስሎኝ ወጣሁ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስመለስ ግን... ጉዴን አየሁ።»

«ማሽኑ ፊት ሁለት ወንበር አለ። ሁለተኛው የማን ነው?»

«የኔ ነበር። ካገባት ወዲህ የሷ ሆነ።»

መርማሪዋ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ትናንት የመጣች ልጅ አለቃዋ ሆና ከተሾመችባት ወዲህ እሷም ለባሏ የምታወራው በዚሁ ድምፅ ነው። ቅናት ምን እንደሚመስል የሚያስረዳት ሰው አያስፈልጋትም።

ሚስትየው ጓሮ ብቻዋን ታለቅሳለች። «ልጄን አያስወስዱብኝ፣ እባክዎ!»

«መስመሩን ማነው የሚደውለው?»

«እኔና እሱ ብቻ። ካርታው ተልኮ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል።»

መርማሪዋ ሸሪኩ ያላትን ነገረቻት። ሚስትየው እንባዋን ጠረገችና ቀና አለች። «መስመሩ ተገናኝቶ እያለ? በጭራሽ!» ብላ ምክንያቱን አስረዳቻት።

ጥቂት ቆይቶ ሁሉም የሥራ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሚስትየው መስመሩን ደወለች፤ ኮምፒውተሩን ከስልኩ የሚያገናኘው ሞደም እንደ ልማዱ ጮኸና ጸጥ አለ።

«አሁን ሟች እንዳደረገው አዲስ መስኮት ይክፈቱልን» አለችው መርማሪዋ።

ሸሪኩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ተጫነ። ደግሞ ተጫነ። ቀድሞ የተከፈቱት መስኮቶች እንዳሉ ናቸው፤ አዲስ ግን ወይ ፍንክች!

«አይድከሙ» አለች። «ይህ ማሽን የሚሠራው ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት ነው። በስልክ ሲገናኝ ከወዲያ ያለው ማሽን አዲስ ስም ይሰጠዋል። መስኮት የሚከፍተው ክፍል ግን የሚያውቀው የድሮውን ስም ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱንም አላውቅህም ይለዋል። መስመሩ ሲዘጋ ስሙም ይመለሳል፣ መስኮቱም ይከፈታል። ማሽኑ የያዘው መዝገብ ይኸው፦ ከስምንት እስከ ዘጠኝ መስመሩ አንዴም አልተቋረጠም።»

«እና ወንድሜ መቼ ጻፈው?» አለች እህትየው።

«አልጻፈውም። መስመሩ ሲዘጋ እሱ ሞቷል። ከዚያ በኋላ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ እዚህ ክፍል የገቡት እኚህ ሰው ብቻ ናቸው፤ ስምንት ተኩል ላይ ሻዩን የመረዙትም እሳቸው ናቸው። መስኮቱ እሺ ስላላቸው ሁልጊዜም እሺ የሚል መሰላቸው። እናትየውም ያን ጊዜ ክሊኒክ ነበረች።»

ሸሪኩ መርማሪዋን አልሰማትም። ዓይኑ ሚስትየው ላይ ተተክሏል። «ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ላንቺ ነገረሽ? ሃያ ዓመት አብሬው ስለፋ ለኔ ትንፍሽ ያላለውን፣ ላንቺ? ወንበሬን መውሰድሽ አንሶ!»

«ጋሼ፣ ይህን ማሽን የመረጡትም የገጠሙትም እርስዎ ነዎት» አለች ሚስትየው። «'እንከኑን ከሰማ ቅር ይለዋል፤ አደራ እንዳትነግሪው' ብሎ ባሌ አስምሎኝ ነው።»

እህትየው የልጅቷን እጅ ለቀቀች። ልጅቷም ሮጣ እናቷ ጉያ ገባች።

ሸሪኩን ከወንበሩ ለማስነሳት ሁለት ፖሊስ አስፈለገ።