ቁጭ በሉ የተባሉ ሕፃናት

በሞጣ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ከጧት እስከ ምሳ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። የተንቀሳቀሰ ይንበረከካል። ወላጅም «ጨዋ ልጅ አይቁነጠነጥም» ይላልና ቅር የሚለው አልነበረም።

እህቴ አመተ ሥላሴ በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. በአስተማሪነት ተመድባ ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄድ፣ ቤቷን እንድይዝላት እኔም አብሬያት ሄድኩ። የሕፃናቱን ክፍል ሰጧት። ብዙም ሳትቆይ ልጆቹ ዓይናቸው እንደ ተከፈተ ጆሯቸው ይተኛል አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየመካከሉ ታስነሣቸው ጀመር። «ሀ» ሲባል ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ «ተ» ሲባል ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ ቁጥር ሲቈጥሩ ይዘላሉ። ሲቀመጡ ልባቸው ከእርሷ ጋር ይሆናል።

ከልጆቹ አንዷ አገሬ ነበረች። ወላጆቿ ስለ ሞቱ የሚያሳድጓት አያቷ መሪጌታ ባዘዘው ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ ፊደል አልለይ ያላት ይህች ልጅ በታኅሣሥ ማንበብ ጀመረች።

ከተማው ግን ይህን አላየም። ገበያ ስንወጣ «የጭፈራ አስተማሪዋ መጣች» እያሉ ይጠቃቀሱብን ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር ለሁለት እንቀመጣለን፤ ደጃችንን የሚረግጥ ሰው የለም። እህቴ መሶቡን ገና ሳይነካ መልሼ እንድከድነው ታዘኛለች። በመጨረሻም ወላጆች መሪጌታ ባዘዘውን ከፊት አስቀድመው ከሰሷት፤ ዲሬክተሩም ልጆቹን ማስነሣት ከለከላት።

ታዘዘች። ክፍሉ ዝም አለ። አገሬ አግዳሚው ላይ ታንቀላፋ፣ ጧት ጧት ደግሞ ትምህርት ቤት አልሄድም እያለች ትደበቅ ጀመር። አያቷም ይህች ልጅ ለቀለም አልተፈጠረችም፣ ቤት ትዋል ብለው ቈረጡ።

እህቴ ይህን እንደ ሰማች ልትለምናቸው ሄደች፤ ተከተልኳት። መሪጌታ የሚያስተምሩት አቋቋም ነው። ከደጃቸው ካለው ዋንዛ ሥር ተማሪዎቻቸው መቋሚያ ይዘው፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያሉ ሲያዜሙ ደረስን። እስኪጨርሱ ቆመን ጠበቅን።

«የኔታ፣ አገሬን አያስቀሩብኝ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ዝላይ ከሆነ ፍየሎቹም ያስተምሯታል» አሉ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

«እነዚህንስ ለምን ቁጭ አድርገው አያስተምሯቸውም?»

«አቋቋም ተቀምጦ ይያዛል እንዴ? እግር ያላወቀውን ዜማ አፍ አይዘውም።»

«እነዚህ ጐልማሶች ናቸው፣ የኔታ። ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅስ ፊደሉን እንዴት ተቀምጣ ትያዘው?»

የሳቀ አልነበረም። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ተማሪዎቻቸው አዙረው ዜማውን አስቀጠሉ። ደጃፋችን ላይ ስንደርስ እህቴ እጄን ያዝ አድርጋ «አስቀየምኳቸው፤ ልጅቱ በእኔ የተነሣ ቀረች» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ተስቦ ያዛት። ወደ ቢቸና ወሰድኳት፤ ፋሲካን ሳታይ ዐረፈች።

ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ መሪጌታ ባዘዘው ከሞጣ ድረስ መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ እኛ ሞጣን በለቀቅን ማግሥት አገሬን ይዘው ዲሬክተሩ ዘንድ እንደ ገቡ፣ ሕፃናቱ እንደ ቀድሞው እንዲነሡ እንደ ለመኑ፣ አዲሱ አስተማሪም እህቴ እንዳደረገችው እያስነሣ እንደሚያስተምር ነገሩኝ። አገሬም እንደገና እያነበበች ነበር።

«ለእርሷ ለምን መልእክት አልላኩላትም?» አልኳቸው።

«አፈርኩ ልጄ» አሉ። «ስትመለስ እነግራታለሁ እያልኩ።»

ወላጆች፣ ሕፃን ዝም ብሎ ስለ ተቀመጠ ተማረ ማለት አይደለም። እግዚአብሔር የሕፃንን ልብ ከእጁና ከእግሩ ጋር አያይዞ ፈጥሮታል፤ እግሩን ብታስሩበት ልቡም ይታሰራል። ልጃችሁን የሚያስነሣ አስተማሪ ብታገኙ ጨዋነት አጠፋ ብላችሁ አትክሰሱት። እውነቱ የእርሱ እንደ ሆነ ስታውቁ ደግሞ ሳታድሩ ሂዱና ንገሩት። እህቴ የተሸነፈች መስሏት ሞተች።