መቅኔ የሌለው አጥንት

ኢንስፔክተር ኤስተር ንጎ ባዬክ ሐይቁ ዳር ስትደርስ የፓፓ ዲቡንጄ ሬሳ የሙዝ ቅጠል ላይ ተጋድሞ ነበር። የድግስ ልብሳቸውን አላወለቁም። ጭንቅላታቸው በሰማያዊ ጥምጣም ተጠቅልሏል።

ሟቹን በሳናጋ ወንዝ ዳር የማያውቃቸው የለም። በጎልማሳነታቸው ማናቲን፣ ያንን ላም የሚያክል፣ ሣር እየጋጠ የሚኖር፣ በማንም ላይ የማይደርስ የውሃ እንስሳ፣ በአንድ ጦር የሚጥሉ አዳኝ ነበሩ። መግደሉ በሕግ ሲከለከልና ሕጉን ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው፣ ጦራቸውን በሰው ፊት ሰብረው ከመንደር መንደር እየዞሩ «ተዉ፣ እያለቀ ነው» ያሉት እሳቸው ናቸው። ተሰድበውበታል። መረባቸው ተቆራርጦበታል። ትናንት ግን ሐይቁ ጥብቅ ክልል ሆኖ ስለታወጀ መንደሩ ከከተማ እንግዶች ጠርቶ ደግሶ በክብር ወንበር አስቀምጧቸው ነበር። ኤስተርም ተጋብዛ አጠገባቸው ተቀምጣ በልታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ከተማ ተመልሳለች።

አሁን ወንዶቹ ጦርና ገጀራ ይዘው ተሰብስበዋል።

«ማናቲው ነው የገደላቸው!» አለ አንዱ። «ታንኳቸውን ገልብጦ!»

«ሲንከባከቡት ኖረው በላቸው። ሕግ አይሉኝ፣ ምን አይሉኝ፣ ዛሬ እንጥለዋለን!»

«ማንም ከዚህ ንቅንቅ እንዳይል» አለች ኤስተር። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ሆኖም ጦሮቹ ወረዱ።

ሬሳውን ሌሊት ያገኘው ሴይዱ ኮንታ ነው፤ ከማሊ መጥቶ ከወዲያኛው ዳር የሰፈረ ዓሣ አጥማጅ። ማናቲ በጠፋ ቁጥር መንደሩ የሚጠረጥረው እሱንና ጓደኞቹን ነበር።

«ጥምጣሙ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ደማቸውን ሰው እንዳያየው ብዬ ጠመጠምኩት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልፈታውም፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው ያነጋሁት። መቼም እኔን ነው የሚሉት።»

ኤስተር ሰዉን አርቃ ጥምጣሙን ፈታችው። ፊታቸው ደህና ነው። ማጅራታቸው ግን በአንድ ምት ተሰብሯል። መልሳ ጠመጠመችው። ኪሳቸውን ስትዳብስ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አገኘች፤ የጎድን አጥንት፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ገባች። ወቅቱ በጋ ነው፤ ታንኳው የተገለበጠበት ድረስ ስትሄድ ውሃው ከጉልበቷ አላለፈም። ሐይቁን የወረረው አረንጓዴ አረም እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። የተቀደደው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከዳር እስከ ታንኳው፣ ታንኳ በሚያሳልፍ ስፋት። የታንኳው ሆድ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። በስንጥቁ ዙሪያ የደረቀ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፏል።

የሐይቁ ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር መምህር ሙኤሌን ቤታቸው በረንዳ ላይ አገኘቻቸው። ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ቤታቸው ከኮረብታው አናት ነው።

«ወንድሜን ነው ያጣሁት» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አብረን ስንት ለፍተናል! ሰው ሲስቅብን፣ ፍርድ ቤት አዳኞቹን ሲለቅብን…»

«ሬሳውን አይተውታል?»

«ኧረ እኔ ሬሳ ማየት አልችልም። ወደ ዳርም አልወረድኩ። ወሬው ሲደርሰኝ እዚሁ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።»

«እንስሳው እንዴት አድርጎ የገደላቸው ይመስልዎታል?»

«በጅራቱ ነዋ! ማጅራታቸውን ሲላቸው በቃ፣ ሽማግሌ ሰው ምን አቅም አለው?»

ኤስተር አመስግና ወጣች።

የድግሱ ወጥ ሠሪ ማማ ጆርጄት ድስት እየፈገፈገች ነበር። ቤቷ ከሟቹ ቤት አጠገብ፣ ከውሃው ዳር ነው።

«ማማ ጆርጄት፣ የትናንቱ ሥጋ የምን ነበር?»

«የበሬ።»

«ማን ገዛው?»

«ሊቀመንበሩ ተቆራርጦ አስመጡልኝ።»

«የበሬ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ሴትዮዋ አመዱን ከእጇ አራገፈች። «እንደሱ ነው ያሉኝ። ስቡ በዛብኝ… ግን አልጠየቅሁም። ብጠይቅ እንዴት አበስለዋለሁ?»

«የፓፓ ዲቡንጄ ታንኳስ?»

«እሱማ ከተሰነጠቀ ቆየ። ተገልብጦ ተቀምጦ ዓሣ አሰጣበታለሁ። እሳቸው የሴይዱን ነበር የሚዋሱት። ከዳር ያለን ሁላችን እናውቃለን።»

ኤስተር ገጀራ ለምና ከቤቱ ጀርባ ዞረች። አጥንቱን ግንድ ላይ አስቀምጣ ደጋግማ መታችው። ለሁለት ሲሰነጠቅ ውስጡ ድፍን ነጭ ነው። ቀዳዳ የለው፣ መቅኔ የለው። የበሬም የአሳማም ጎድን እንዲህ አይደለም። አሮጌ አዳኞች ሲያወሩ ሰምታ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ አጥንት የማናቲ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ትናንት ትዝ አላት። እሷው ናት አጥንቱን ሳህኗ ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገች፣ «ይሄ በሬ ምን ዓይነት ንፉግ ነው፣ መቅኔውን እንኳ ደብቆ ሞተ!» ብላ ጠረጴዛውን ያሳቀችው። ፓፓ ዲቡንጄ ግን አልሳቁም። እጃቸውን ዘርግተው አጥንቱን ከሳህኗ አንስተው በመዳፋቸው መዘኑት። ከዚያ አፋቸውን ጠርገው፣ ለማንም ሳይናገሩ ተነሥተው ሄዱ። እሷም ሽማግሌው ደክሟቸው ነው ብላ ሌላ ጉርሻ አነሣች።

ብቻዋን ብትሆንም ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ከሰዓት በኋላ መንደሩን በሙሉ ድግሱ በተበላበት አዳራሽ ሰበሰበች። የሟቹ ሚስት ማማ ኤኮምቦ ከባሏ ሬሳ ሣጥን አጠገብ ተቀምጣለች፤ ታማ ስለነበር ድግሱ ላይ አልዋለችም።

«ፓፓ ዲቡንጄን ማናቲ አልገደላቸውም» አለች ኤስተር። «ውሃው ጉልበቴን አላለፈም፤ ላም የሚያክል እንስሳ በዚያ አይዋኝም። ቢገባ እንኳ አረሙን በበታተነው ነበር። የተቀደደው ታንኳ ከዳር የተገፋበት መስመር ብቻ ነው። ገዳዩ የመታቸው ዳር ላይ ነው።»

«ሴይዱ ነዋ!» አለ አንድ ድምፅ።

«ሴይዱ ታንኳው መሰንጠቁን ያውቃል። የራሱን ያውሳቸው የነበረው እሱ ነው። ማማ ጆርጄትም ዓሣ የምታሰጣው በተሰነጠቀው ላይ ነው። ከዳር የሚኖር ሰው የተሰነጠቀ ታንኳ ገፍቶ ‹ሲቀዝፉ ተገለበጡ› አይልም። ይህን ያደረገው ከዳር የማይኖር፣ ስንጥቁን የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። «መምህር፣ ቁስሉ በጥምጣም ተሸፍኖ ነው ያደረው። ከሴይዱና ከኔ በስተቀር ያየው የለም። ማጅራታቸው መመታቱን ማን ነገረዎት?»

መምህር ሙኤሌ ወደ በሩ አዩ።

«ለምን እንደሆነ ደግሞ ይሄ ይናገራል።» የተሰነጠቀውን አጥንት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ትናንት ማናቲን ከሞት አዳንን ብለን የደገስነው ድግስ ላይ የበላነው ማናቲ ነው። ፓፓ ዲቡንጄ ይህን ይዘው ወደ እርስዎ መጡ። ለእንግዶቹ ሊናገሩ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። የኋላ ወንበር ላይ የነበሩ ጎረምሶች እግር እግራቸውን አዩ። እንስሳውን የጣሉት እነሱ ናቸው።

«ለእንግዳ ዓሣ ብቻ ማቅረብ አፈርኩ» አሉ መምህሩ በመጨረሻ። «በአባቶቻችን ጊዜ ለሹም የሚቀርበው ይህ ነበር። አንድ ብቻ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ… እስከ ውሃው ዳር ተከትዬው ለመንኩት። ‹ሙኤሌ፣ እኔንም አበላኸኝ› አለና ፊቱን አዞረብኝ። ያ ጀርባው… ከታንኳው ያነሣሁት መቅዘፊያ እጄ ላይ ነበር።»

ማማ ኤኮምቦ ቀና አለች። «ልጆችህን ክርስትና ያነሣልህ ሰው ነው፣ አንተ» አለች። ፖሊሶቹ መምህሩን ሲወስዷቸው የተሳደበ የለም።

ለመሳደብ ማን አፍ ነበረው?

«አጥንቱ ከኔ ሳህን የተነሣ ነው» አለች ኤስተር። «ስቄበታለሁም። ለዐቃቤ ሕጉ የምናገረው ይህንንም ጨምሬ ነው፤ ምርመራውንም ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

የቀብር ሰዓት ደረሰ። ስድስት ወንዶች እንደ ልማዱ ወደ ሣጥኑ ቀረቡ። ማማ ኤኮምቦ እጇን አነሣች።

«ከዚያ ድስት የቀመሰ የባሌን ሣጥን እንዳይነካ።»

ስድስቱም ባሉበት ቆሙ። አንዱ ሌላውን አየ፤ ከዚያ መተያየቱንም ተዉት። አንድ በአንድ ወደ ኋላ አሉ። ኤስተርም ከነሱ ጋር ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ሣጥኑ መሐል አዳራሽ ብቻውን ቀረ።

ሴይዱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ከኋላው ሦስት ጓደኞቹ።

«ማማ» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኛ አልተጠራንም ነበር።»

አሮጊቷ እጇን አወረደች። «ግቡ፣ ልጆቼ» አለች።

አራቱ ሣጥኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ። መንደሩ ከኋላ ተከተለ፤ ራቅ ብሎ፣ ጮኾ ለማልቀስ እንኳ ሳይደፍር።