ያልጠቆረው ዱቄት

ኢንስፔክተር ናጅዋን ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ይልቅ ንዴቷ ነበር ያቃጠላት። የሙዐዊያ አስከሬን ከሐኪም ተመልሷል፤ ቀብሩ ለአስር ሰላት ተቀጥሯል፤ የሟች ወንድም ኢብሮ ግን እጁ በካቴና እንደታሰረ ነው። አለቃዋ በስልክ «ገዳዩ እጅሽ ላይ ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለ ያደርቃታል። አባትየው ሐጂ አብዱልመጂድ ደግሞ «ኢብሮ የወንድሙን መቃብር እንዳይረግጥ!» ብለው ቆርጠዋል።

ሙዐዊያ የሞተው ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ጭንቅላቱን በብረት ተመትቶ ነው። ሥራው ካታሊስት የሚባለውን፣ ነዳጅ የሚለውጥ ዱቄት መፈተሽ ነበር፤ ወፍራም ነዳጅ በጋለ ነጭ ዱቄት ውስጥ እያሳለፈ ምን ያህሉ ቤንዚን እንደሚሆን ይለካል።

«ትናንት ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት አብረን ስንፈትሽ ነበር» አለ ኃላፊው ዶክተር ሀይሉ። «ስወጣ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ እዚህ የቀረው ዘበኛው ኢብሮ ብቻ ነው። ደግሞ ተጣልተዋል!»

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ናጅዋ ኢብሮን።

«ይሄን ሥራ ተው ስላልኩት ነው። ኧረ በአላህ፣ ወንድሜን እኔ ልቅበረው!»

መደርደሪያው ላይ የተደረደረው ያገለገለ ዱቄት ሁሉ ጥላሸት መሆኑን ጠዋት አስተውላለች። ሀይሉን፣ ኢብሮን፣ አባትየውንና ትናንት ደብረ ብርሃን የዋለችውን የቤተ ሙከራ ባለሙያ ቤዛዊትን መፈተሻው ማሽን ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ከፍተሻው በኋላ ማሽኑን የነካ አለ?»

«ማንም! እኔ እንደዘጋሁት ነው።»

«ቤዛዊት፣ ክፈቺው።»

ዱቄቱ ነጭ ነበር። ቤዛዊት ደነገጠች። «ነዳጅ ቢያልፍበት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ከሰል ይጠቁር ነበር!»

«ተመልሶስ አይነጣም?»

«ብዙ ሰዓት በምድጃ ካልተቃጠለ አይነጣም። መብራት ደግሞ ከትናንት ቀን ስድስት ሰዓት ጀምሮ የለም።»

«እንግዲህ ፍተሻ የሚባል ነገር አልነበረም» አለች ናጅዋ። «ዶክተር የሰጡኝ ወረቀት ግን ከመቶው ሰባ ሁለቱ ቤንዚን ሆነ ይላል። ሦስቱን ሰዓት ምን ሲሠሩ ነበር? ሙዐዊያስ በሕይወት ከነበረ ለምን ሥራውን አልጀመረም?»

ቤዛዊት አለቀሰች። «ዱቄቱ አይሠራም፣ በውሸት ውጤት አልፈርምም ብሎኝ ነበር ሙዐዊያ።»

«እስካሁን አፍሽን ምን ዘጋው?»

«ፈራኋ!»

ናጅዋ በንዴት ጥርሷን ነከሰች። ሀይሉ «አስር ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ቀን ሊያፈርስብኝ...» ብሎ ጀመረ። ናጅዋ የኢብሮን ካቴና ፈትታ ሀይሉ እጅ ላይ አጠለቀችው።

ሐጂ አብዱልመጂድ ልጃቸውን ተጠጉት። «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ።»

ኢብሮ ቀና ብሎ አላያቸውም። «መጀመሪያ ወንድሜን ልቅበር» አለና ወደ በሩ ሮጠ።