በሟቹ መዳፍ የተገኘ ካርድ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሽማግሌ፣ መስኮት በሌለው የቃላት ካርዶች ክፍል ውስጥ ከውጭ ተቆልፎባቸው ሞተው ተገኙ። የአስም ሕመማቸው ሲነሳ የሚስቡት መድኃኒት ከበሩ ወዲያ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ቁልፉ ደግሞ ከታይፒስቷ መሳቢያ ወጣ፤ እሷም የእህታቸው ልጅ ናት።

ኢንስፔክተሯ ቁመቷ ቢያጥርም ጆሮዋ የማይዘናጋ ሴት ናት። የቢሮውን በር አስዘግታ ሦስቱን ሠራተኞች፣ ታይፒስቷን፣ ምክትል አዘጋጁንና አራሚዋን፣ አስቀመጠች። ሙቀቱ ያፍናል። ደጃፉ ላይ ካቴና የያዘ ፖሊስ ታይፒስቷን ይጠብቃል፤ ምስኪኗ መውጫ አጥታለች።

«መሳቢያዬ እኮ አይቆለፍም» አለች ልጅቱ። «ያሳደጉኝን አጎቴን እኔ ልገድል?»

«ማልቀስማ ማንም ያለቅሳል» አለ ምክትል አዘጋጁ።

አራሚዋ ገላመጠችው። «አንተ ደግሞ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አትሁንባት።»

«ሟቹ ጠዋት ምን ይሠሩ ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ያነጻጽሩ ነበር፤ ‹ኤንቪ› እና ‹ጄለሲ›» አለች አራሚዋ። «እኛ ሁለቱንም ቅናት ብለን እናልፋለን፣ እሳቸው ግን አይሆንም አሉ። ፍቺውን የሚጽፉበትን ካርድ ሳይጨርሱ ለማንም አያሳዩም።»

«እኔ ዛሬ እግሬም ወደዚያ ክፍል አልዞረ» አለ ምክትሉ ሳይጠየቅ።

ኢንስፔክተሯ ከሟቹ መዳፍ የወጣውን የተጨማደደ ካርድ አውጥታ አነበበች። «‹ጄለሲ›፦ የሌላውን መመኘት። ምሳሌ፦ ልብስ ሰፊዋ የጎረቤቷን አዲስ የስፌት መኪና አይታ ዓይኗ ቀላ።»

አራሚዋ ግንባሯን ቋጠረች። ምክትሉ ግን አላስቻለውም፤ ሃያ ዓመት የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሯል።

«ተገለበጠ እኮ! እሱ ‹ኤንቪ› ነው። ‹ጄለሲ› የራስን እንዳይነጥቁ መፍራት ነው። ምሳሌውም አዲስ ዘበኛ ሲቀጠር ወንበሩን የደበቀው ዘበኛ ነው።»

አራሚዋ ቀና ብላ አየችው።

«ልክ ነዎት፤ የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዘበኛውን ግን አላነበብኩም። ካርዱ የተጻፈው ዛሬ ጠዋት፣ እዚያው ክፍል ነው። ከሬሳው ጋር ተቆልፎ ዋለ፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም። እርስዎ ግን ያውቁታል። ስለዚህ ገብተዋል፤ ቁልፉን ካልተቆለፈው መሳቢያ ወስደው መልሰዋል።»

ምክትሉ ላቡን ጠረገ። ክዶ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አልቀረውም።

«ጠርተውኝ እየሳቁ አነበቡልኝ» አለ። «ዘበኛው እኔ መሆኔ ገባኝ። ቦታዬን ለእሷ ሊሰጡብኝ ነው ብዬ ቆለፍኩባቸው። ሲያንኳኩ ሰማሁ። ትንሽ ይቅመሷት ብዬ ተቀመጥኩ።»

ታይፒስቷ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ቦታዎን ትላንት ሰጥተውኝ እምቢ ብያቸዋለሁ» አለች። «ዛሬ የጠሩዎት እኮ ይቅርታ ሊጠይቁዎት ነበር።»